ከናይሮቢ በአውቶቡስ ወደ ገጠር የሚወስዱ የእግር መንገዶች

እግረኛ የሚመላለስበት ደን ጠባቂ አያጣም

የከተማ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ ከየትኛው ተራራ እንደሚወርድ፣ በማለዳ የሚፈላለት ሻይ በየትኛው ኮረብታ ላይ እንደሚለቀም፣ ለምሳው የሚቀርብለት ድንችና ጎመን ከማን እርሻ እንደሚነሣ ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ገበሬውም በበኩሉ የከተማውን ሰው የሚያውቀው በገበያ ዋጋ ብቻ ነው። ሁለቱ እንዲህ ሳይተያዩ ሲኖሩ በመካከላቸው ያለው ደንና ተራራ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባለቤት የሌለው የሚመስል ሀብት ደግሞ ለቀማኛ የተጋለጠ ነው። የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ይህን ነገር በብርቱ ፈተና ተምራዋለች። ዛሬ ከከተማይቱ በርካሽ አውቶቡስ እየተሳፈረ ወደ ደኑ፣ ወደ ተራራውና ወደ ሻይ እርሻው በእግሩ የሚወጣው ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም መናፈስ ብቻ አይደለም፤ ሳያስበው የደንና የውሃ ዘበኛ ሆኖ ያገለግላል።

ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ማረፊያ ሠፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ስሟ ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በምዕራብ በኩል የንጎንግ ኮረብቶች፣ በሰሜን ምዕራብ የሊሙሩ የሻይ ደጋ፣ ከዚያም በስተሰሜን የአበርዴር ተራሮች ይከቧታል። ስለዚህም በማለዳ ከመካከለኛው ከተማ የተነሣ ሰው፣ የግል መኪና ባይኖረውም እንኳ፣ ቀኑን በደንና በተራራ ላይ በእግሩ ሲሄድ ውሎ ማታ ከቤቱ ሊገባ ይችላል።

ማታቱ የተባለው አውቶቡስ

ይህን ጉዞ ለድኻውም ለባለጸጋውም የተቻለ ያደረገው ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ነው። ታቱ በስዋሂሊ ቋንቋ ሦስት ማለት ሲሆን፣ በቀድሞው ጊዜ የመሳፈሪያው ዋጋ ሠላሳ ሳንቲም ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ እንደ ወጣ ይነገራል። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እነዚህ መኪናዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ሰው እንዲያመላልሱ ስለ ፈቀዱላቸው ቁጥራቸው እጅግ በዛ። በ2004 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ የመቀመጫ ቀበቶና የፍጥነት መወሰኛ መሣሪያ እንዲኖራቸው፣ በሰዓትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ አዘዘ።

ማታቱ በተወሰነ ሰዓት የሚነሣ አይደለም፤ ወንበሩ ሲሞላ ይነሣል። ዋጋውም እንደ ጊዜው ይለዋወጣል። ዝናብ ሲዘንብና ሠራተኛ ከሥራ በሚወጣበት የማታ ሰዓት ከፍ ይላል፤ እሑድ ማለዳ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ልምድ ያለው መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ረዳቱን ዋጋ ይጠይቃል፤ ማለዳ ይወጣል፤ ጀምበር ሳታዘቀዝቅም ወደ መኪና መንገድ ይመለሳል። ብዙ መንገዶች በቁጥር የሚታወቁ ናቸው፤ ወደ ንጎንግ ከተማ የሚሄደው መኪና ቁጥሩ 111 መሆኑን የናይሮቢ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ካሩራ፤ ከተማው ውስጥ የቀረው ደን

ከሁሉ የሚቀርበው የእግር መንገድ በከተማይቱ ሰሜናዊ ክፍል ያለው የካሩራ ደን ነው። ደኑ በ1932 በመንግሥት ጥብቅ ደንነት የተመዘገበ ሲሆን ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል ይሆናል። በሊሙሩ መንገድና በኪያምቡ መንገድ የሚመላለሱ ማታቱዎች ከደኑ በሮች አጠገብ ያወርዳሉ። በውስጡ ወንዞች፣ ፏፏቴና ዋሻዎች ይገኛሉ። ዋሻዎቹ በማው ማው የነጻነት ትግል ዘመን አርበኞች ይሸሸጉባቸው እንደ ነበር ይነገራል። ወይራውንና የብሳና ወገን የሆነውን ዛፍ ያየ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ደን ውስጥ የቆመ ይመስለዋል።

ይህ ደን ዛሬ በስፍራው መገኘቱ ግን በቀላል የተገኘ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት መሬቱ እየተሸነሸነ ቤት ለሚሠሩ የግል ሰዎችና ማኅበሮች ተሰጠ። ዛፉ መቆረጥና መሠረት መጣል እንደ ተጀመረ በሰማች ጊዜ የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን በ1977 ያቋቋመችው ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ከተከታዮቿ ጋር ችግኝ ይዛ ወደ ደኑ ሄደች። በጥር 8 ቀን 1999 በደኑ በር ችግኝ ለመትከል ስትሞክር በስፍራው የተሰለፉ ሰዎች አደጋ ጣሉባት፤ እርሷም ከራሷ ላይ ቆሰለች። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችና የሃይማኖት አባቶችም ነገሩን ስላነሡት ወሬው በዓለም ተሰማ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የሕዝብ መሬት ለግል ሰው መስጠት እንዲቆም አዘዙ። ወይዘሮ ዋንጋሪም በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለች፤ በ2011 ዓረፈች።

ደኑ ከመሸንሸን ዳነ፤ ነገር ግን ወዲያውኑ ሰው የሚሄድበት አልሆነም። ለብዙ ዓመታት ወንበዴ የሚሸመቅበትና ሬሳ የሚጣልበት ስፍራ ተብሎ ይፈራ ስለ ነበር የከተማው ሰው አይጠጋውም ነበር። በ2009 የካሩራ ደን ወዳጆች ማኅበር ተቋቁሞ ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር በመተባበር ደኑን በኤሌክትሪክ አጥር አስከበበው፤ መንገዱን አስጠረገ፤ በደኑ ዳር ካለው ከሁሩማ የድኾች ሠፈር ወጣቶችን መርጦ ጠባቂ አደረጋቸው። በ2011 ደኑ ለእግረኛ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲመላለስበት ወንበዴው ሸሸ። የውጭ አገር ዛፍ በተተከለባቸው ክፍሎች የአገሩ ዛፍ እየተተካ ነው። ከ2014 ጀምሮም ጉሬዛ የሚባለው ባለ ነጭ ካባ ጦጣ፣ መኖሪያው እየጠፋ ከነበረበት ከኪፒፒሪ አካባቢ ተይዞ እየመጣ በካሩራ ተለቀቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አጥርና ዘበኛ ደንን ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚያውቀውንና የሚወደውን ደን በስውር ሸንሽኖ መውሰድ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

የንጎንግ ተረተር

ከካሩራ ቀጥሎ ለናይሮቢ ሰው የተለመደው የእግር መንገድ የንጎንግ ኮረብቶች ነው። በ111 ቁጥር ማታቱ ተሳፍሮ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መንገድ ከተሄደ በኋላ ንጎንግ ከተማ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ደኑ በር በእግር ወይም በሞተር ብስክሌት ይወጣል። በበሩ ላይ ክፍያ አለ፤ የደን አገልግሎቱ ጠባቂዎችም መንገደኞችን ያጅባሉ። ቀድሞ በዚህ ተረተር ላይ ብቸኛ መንገደኛ መዘረፉ የተለመደ ወሬ ስለ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ከባልንጀራ ጋር መሄድና ጠባቂ ማስከተል ይመከራል።

ተረተሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሆኖ ጫፎቹ ከሩቅ ሲታዩ የተጨበጠ የእጅ አንጓ ይመስላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ላምዊያ የተባለው ጫፍ ከፍታው 2,460 ሜትር ነው። መንገደኛው አንዱን ጫፍ ወጥቶ ሲወርድ ሌላው ይቀበለዋል፤ ተረተሩን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ብርቱ እግረኛ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በደቡብ በኩል ወደ ኮና ባሪዲ ሲወርድ የማጋዲን የመኪና መንገድ ያገኛል። ከዚያ በኪሴሪያን ከተማ በኩል ማታቱ ይዞ ወደ ናይሮቢ ይመለሳል። በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር መውጣት የሚቻለው መንገደኛው የራሱን መኪና ትቶ ስላልመጣ ነው። በዚህ ነገር የአውቶቡሱ መንገደኛ ከባለ መኪናው ይልቅ ዕድለኛ ነው።

በተረተሩ ላይ የቆመ ሰው ሁለት አገር ያያል። በምሥራቅ በኩል ዝናብ የሚያገኘው አረንጓዴ ምድርና የናይሮቢ ፎቆች ይታያሉ፤ በምዕራብ በኩል ተራራው ዝናቡን ስለሚያስቀርበት ምድሩ ደረቅ ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። በዚህ ነፋሻ ስፍራ በ1993 በቤልጅግ መንግሥት ርዳታ የመጀመሪያዎቹ የነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተተከሉ። ኋላም ተጨምሮባቸው የማመንጫው ኃይል 25.5 ሜጋ ዋት ደርሷል። ከማማዎቹ ሥር የማሳይ እረኞች ከብትና በግ ያግዳሉ።

እረኛው ግን እንደ ቀድሞው ሰፊ ግጦሽ የለውም። በ1968 በወጣው ሕግ የከብት አርቢዎች በማኅበር ሆነው መሬት እንዲይዙ ተደርጎ ነበር፤ በኋላ ግን የማኅበሩ መሬት ለየሰዉ እየተከፈለ፣ የተከፈለውም ለከተማ ሰው እየተሸጠ፣ ቤትና አጥር ሆነ። በመሆኑም ከብቱ የሚሄድበት መንገድ እየጠበበ መጥቷል። የእግር መንገዱ የሚያልፍበት የደን መሬት እንዳይከለል መንገደኛውና እረኛው እኩል የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው፤ አንዱ ለመናፈሻው፣ ሌላው ለኑሮው ያስፈልገዋልና።

በንጎንግ ግርጌ ለገበሬም የሚሆን አንድ ትምህርት ይገኛል። ካረን ብሊክሰን የምትባል የዴንማርክ ተወላጅ በዚህ ስፍራ ሰፊ የቡና እርሻ ይዛ እስከ 1931 ደክማበታለች፤ ነገር ግን ምድሩ ለቡና ከሚገባው በላይ ከፍ ያለና የዝናብ እጥረት ያለበት ስለ ነበር እርሻው ከስሮ ተሸጠ። ቤቷ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። መልኩ ያማረ ምድር ሁሉ ለተመኙት ተክል የሚስማማ አለመሆኑን ይህ ስፍራ ይመሰክራል።

የሊሙሩ የሻይ ደጋ

ሦስተኛው መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከናይሮቢ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት ራቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ሊሙሩ ይወስዳል። ማታቱው የኪያምቡን ቀይ አፈር እየሰነጠቀ ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ጉሙም እየወፈረ ይሄዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ወራት ብርዱ ይበረታልና ሹራብ ሳይዙ መውጣት አያዋጣም።

ሻይ በኬንያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 በዚሁ በሊሙሩ ነው። በእንግሊዞች ዘመን ለረጅም ጊዜ ሻይ የነጮች የእርሻ ሀብት ብቻ ሆኖ ኖረ። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ ግን በ1964 የሻይ ልማት ባለሥልጣን ተቋቁሞ አነስተኛ መሬት ያለው ገበሬ ሻይ እንዲተክል፣ ቅጠሉንም በጋራ ፋብሪካ እንዲያስፈጭ አደረገ። ይህ መሥሪያ ቤት በ2000 ከመንግሥት እጅ ወጥቶ የገበሬዎች ድርጅት ሆኗል። ዛሬ ከአገሪቱ የሻይ ምርት ከግማሽ የሚበልጠው ከእነዚህ ከትናንሽ እርሻዎች የሚገኝ ነው።

በሻይ እርሻ መካከል የሚሄድ መንገደኛ የሚያየው ሥራ እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ለቃሚዋ ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ ትቀጥፋለች። ሻካራው ቅጠል ከተጨመረ የሻዩ ጣዕም ይበላሻል። የተለቀመው ቅጠል ውሎ ካደረ ስለሚበላሽ በዚያው ቀን ተመዝኖ ወደ ፋብሪካ ይጫናል። መንገዱ በዝናብ ከተበላሸና መኪናው ካልደረሰ የገበሬው ድካም ይቀራል። ስለዚህም መንገደኛው የሚረግጠው ጭቃማ መንገድ ለገበሬው የደመወዙ መንገድ መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።

ከሊሙሩ አልፎ በናኩሩ አውራ ጎዳና የሚሄድ ሰው በኪሜንዴ አካባቢ የኪኩዩን አፋፍ ደኖች ያገኛል። በዚህ ደጋ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ጥድ ዛሬም ይታያል። በመንገዱ ዳር ሶኮ ምጂንጋ የሚባለው ገበያ አለ፤ ትርጓሜው የሞኝ ገበያ ማለት ነው። ድንቹ፣ ጎመኑና ካሮቱ ከማሳው በቀጥታ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ርካሽ ነው። ከጉዞ የሚመለሰው እግረኛ በከረጢቱ ድንች ሞልቶ ሲሳፈር፣ ያለ ደላላ ከገበሬው እጅ ገዝቷልና ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ከአፋፉ በታች እስከ ሎንጎኖት

ከኪሜንዴ ወዲያ ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። የአሮጌው ናይቫሻ መንገድ አፋፉን ተጠምጥሞ ወደ ማይ ማሂዩ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ዳር አንዲት እጅግ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። በ1942 የሠሩአት በጦርነቱ ተማርከው ይህን መንገድ እንዲሠሩ የተደረጉ የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያና በአካባቢዋ በ1941 ድል በሆነ ጊዜ ከተማረኩት ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወስደው ነበርና፣ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይህች ሕንጻ የታሪኩ አንድ ቅጠል ናት።

ከማይ ማሂዩ ወደ ናይቫሻ የሚሄደው ማታቱ በሎንጎኖት መንደር ያወርዳል። ከዚያ ወደ ተራራው በር ይኬዳል። ሎንጎኖት 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን በ1983 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ከበሩ እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ከንፈር ድረስ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። ከንፈሩን ዞሮ ለመጨረስ ደግሞ 7.2 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በውስጡ ያለው ጉድጓድ በዛፍ የተሞላ ነው። መንገዱ አቧራማና ጥላ የሌለው ስለ ሆነ ከንጋት በኋላ ወዲያው መጀመር፣ ውሃም በብዛት መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ዝናብ ወራት ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በናይሮቢና በአካባቢዋ ታላቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ታናሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። በሚያዝያ ወር 2012 በናይቫሻ አጠገብ ባለው በሄልስ ጌት ገደል ውስጥ ድንገተኛ ጎርፍ 7 ወጣት መንገደኞችን ወሰደ። በሚያዝያ 29 ቀን 2024 ሌሊትም በማይ ማሂዩ የታቆረ ውሃ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ በዝናብ ወራት ገደል ውስጥ መግባት፣ ወይም ሰማዩ በላይ ደጋ ላይ ጠቁሮ ሳለ በወንዝ ዳር መዋል ድፍረት እንጂ ጉብዝና አይደለም።

ውሃው ከወዴት ይመጣል

የናይሮቢ መንገደኛ ትንሽ ራቅ ብሎ በቲካ ከተማ በኩል ወደ ሙራንጋ አገር ቢጓዝ፣ በሻይ ኮረብቶች የተከበበውን የንዳካይኒን ግድብ ያገኛል። በ1994 የተፈጸመው ይህ ግድብ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ሲሆን፣ ናይሮቢ ከምትጠጣው ውሃ እጅግ የሚበዛው ከዚህ ይወርዳል። ወንዞቹ የሚመነጩት ከአበርዴር ደን ነው። ከደኑና ከግድቡ መካከል ያለው ምድር ደግሞ በትናንሽ ገበሬዎች የሚታረስ ተዳፋት ነው። ገበሬው ዳገቱን ያለ እርከን ቢያርስ አፈሩ ታጥቦ ወንዙን ያደፈርሳል፤ ግድቡንም በደለል ይሞላል። ይህም ሲሆን ገበሬው መሬቱን፣ ከተማው ውሃውን በአንድነት ያጣሉ።

ይህን በመገንዘብ በ2015 የላይኛው ጣና ናይሮቢ የውሃ ገንዘብ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ጣና የተባለው በኬንያ ከሁሉ የሚበልጠው ወንዝ ነው። የድርጅቱ አሠራር ቀላል ነው፤ በታች ያሉት ውሃውን የሚጠጡና በውሃው የሚነግዱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በላይ ያሉት ገበሬዎች በዚያ ገንዘብ የእርከን ሥራ፣ በማሳ ዳር የሚተከል የዝሆን ሣር፣ የዛፍ ችግኝና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ርዳታ ያገኛሉ። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ታጭዶም ለወተት ላም ቀለብ ይሆናል። በዚህ ምድር በእግሩ ያለፈ የከተማ ሰው የውሃ ሒሳብ ሲከፍል ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይም ስለ ሕይወቷ በጻፈችው መጽሐፍ በልጅነቷ በኒየሪ ምድር ከአንድ ታላቅ የዋርካ ወገን ዛፍ ሥር ይፈልቅ ስለ ነበረ ምንጭ ተርካለች። እናቷ ከዚያ ዛፍ ጭራሮ እንዳትለቅም ከልክላት ነበር። ኋላ ዛፉ ተቆርጦ ባየች ጊዜ ምንጩም ደርቆ ነበር። የውሃና የዛፍን ዝምድና ገበሬ ቀድሞም ያውቀዋል፤ የከተማ ሰው ግን ስፍራው ድረስ ሄዶ ካላየው አይገባውም።

የመንገደኛው ግዴታ

በእግር የሚሄድ ሰው በሰው ርስት ላይ እንግዳ መሆኑን ሊረሳ አይገባውም። በሻይ ረድፍ ውስጥ አቋራጭ ቢያደርግ ለጋውን ቅጠል ያረግፋል፤ በእርከን ጠርዝ ላይ ቢሄድ እርከኑን ይንዳል፤ የከብት በረት መዝጊያ ከፍቶ ቢተው ከብት ያስጠፋል። ስለዚህ በተለመደው መንገድ ብቻ ይሂድ፤ ሰው ባገኘ ጊዜ ሰላምታ ይስጥ፤ የሰውን ፊትና ሥራ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ያስፈቅድ። በደን ውስጥ እሳት ከማንደድ ይጠንቀቅ። ኬንያ በ2017 የላስቲክ ከረጢትን የከለከለች ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የላስቲክ ዕቃ ወደ ጥብቅ ደኖችና ፓርኮች እንዳይገባ አዛለች። ሕጉ ባይኖርም ቆሻሻን ይዞ መመለስ የጨዋ ወግ ነው።

ገበሬውና መሥሪያ ቤቱ

ገበሬም ቢሆን ከዚህ መንገደኛ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። የተቀቀለ በቆሎ፣ ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ በመንገዱ ዳር ገበያ ያገኛሉ። የአካባቢው ወጣት መንገድ መሪ ሆኖ ደመወዝ ያገኛል። የኬንያ የደን ሕግ በ2005 ተሻሽሎ በወጣ ጊዜ በደን ዳር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ከመንግሥት ጋር በስምምነት ደኑን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ፤ የ2016ቱም ሕግ ይህንኑ አጽንቷል። ገበሬው ከቆመው ዛፍ የሚያገኘው ከተቆረጠው ከበለጠ፣ መጥረቢያውን የሚያስቀምጠው በፍርሃት ሳይሆን በሒሳብ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ደግሞ ሚዛንን መጠበቅ ነው። በበሩ የሚከፈለው ገንዘብ ለጠባቂ ደመወዝና ለመንገድ ጥገና አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዋጋው እየናረ ከሄደ አምስት ልጆች ያሉት የቀን ሠራተኛ ከበር ይመለሳል፤ የማታቱውን ዋጋ ከፍሎ የመጣው ሰው ደኑን በአጥር በኩል ብቻ ያየዋል። ያን ጊዜ ደኑ የባለጸጎች መናፈሻ ተብሎ ይቆጠራል፤ አደጋም ሲመጣበት በድፍረት የሚቆምለት ሕዝብ አይገኝም። በ1999 ካሩራን ያዳኑት በሩ ላይ የከፈሉ ሰዎች አልነበሩም፤ የእኛ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ከአገሪቱ መሬት ቢያንስ 10 በመቶው በዛፍ እንዲሸፈን መንግሥት እንዲጥር ያዛል። ይህም ዓላማ የሚፈጸመው ሕዝቡ ዛፉን ሲያውቀው ነው።

ለኢትዮጵያ የሚሆነው ትምህርት

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ከተሞች ሩቅ አይደለም። አዲስ አበቤ በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ወደ እንጦጦ መውጣት ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን አልብሶት ይኖራል፤ በ2020 የተከፈተውም የእንጦጦ ፓርክ ብዙ ሕዝብ ወደ ዳገቱ እንዲወጣ አድርጓል። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደንም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከለ የሚነገርለት፣ ጥድና ዝግባ የሚታይበት ጥንታዊ ደን ነው። በእንጦጦ ዳገት ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ በመናገሻ ዙሪያ የሚያርሱ ገበሬዎች አሉ። የከተማው እግረኛ በመንገዱ የሚያገኛቸው እነርሱን ነው። የደኑ ጥቅም ለእነርሱም እንዲደርስ ካልታሰበ ደኑ ሊጸና አይችልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ሆቴል ወይም ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አይደለም። አውቶቡሱ የሚቆምበትን ስፍራና የመጨረሻው መኪና የሚነሣበትን ሰዓት የሚናገር ምልክት፣ ከዚያም እስከ ደኑ የሚያደርስ የተጠረገ የእግር መንገድ፣ አገሩን የሚያውቅ መሪና ድኻ የማይመልስ ዋጋ ከተገኙ ይበቃል። የናይሮቢ ሰው በማለዳ 111 ቁጥር ማታቱ ላይ ሲሳፈር የያዘው ጥቂት ሽልንግ፣ ውሃና ጠንካራ ጫማ ነው። ማታ ሲመለስ ግን የሚጠጣው ውሃ የሚነሣበትን ተራራ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ተራራውን ያየ ሰው ደግሞ በእርሱ ላይ ስለሚደርሰው ነገር ሲሰማ ዝም አይልም።